የእመት ማሳ

ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ የሚወስደው መንገድ የሐረጎን ተራራ ተደግፎ እየተጠማዘዘ ሲቆለቁል፣ በጦሳ ሥር በማለዳ ብርድ ጋቢውን እስከ አፍንጫው ተከናንቦ የተሳፈረ መንገደኛ ገና እኩሌታውን ሳይወርድ ጋቢውን ከትከሻው ማንሸራተት ይጀምራል፤ በ25 ኪሎ ሜትር ገደማ ጉዞ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ያህል ከፍ ከሚለው ደጋ፣ 1,850 ሜትር ያህል ወደሚሆነው ወይና ደጋ ይወርዳልና። ምድር በ1,000 ሜትር ዝቅ ባለች ቍጥር ሙቀት በ6 ዲግሪ ያህል ስለሚጨምር፣ በሁለቱ ከተሞች መካከል ያለው ልዩነት 4 ዲግሪ ገደማ ነው። ይህ ለሰው ልጅ አንድ ጋቢ ማለት ነው፤ ደሙን በፀሐይ ካልሆነ በቀር በራሱ ማሞቅ ለማይችል ፍጥረት ግን የመብላትና ያለመብላት፣ አንዳንድ ጊዜም የመኖርና ያለመኖር ድንበር እንደሚሆን እኔን ያስተማረችኝ ኮምቦልቻ የምትኖር አንዲት ኤሊ ናት።

ኤሊዋ የምትኖረው በእናቴ ታላቅ ወንድም ግቢ ነው። አጎቴ ዕድሜያቸውን በአሰብ መንገድ ላይ የጭነት መኪና ሲነዱ አሳልፈው፣ ከባቲ እስከ ሚሌ ያለውን በረሃ እንደ ቤታቸው ደጃፍ ሲያውቁት ኖረው፣ ሥራውን በተዉ ጊዜ ከቦርከና ወንዝ ብዙ በማይርቅ ሰፈር አንድ አሮጌ ቤት ገዙ። ሻጩም ቁልፉን ካስረከባቸው በኋላ ወደ ጓሮ ወስዶ ከዛፍ ሥር የተቀመጠ ድንጋይ የሚመስል ነገር አሳያቸውና፣ «ይህችም የቤቱ ናት፤ እኔም ያገኘኋት ከቤቱ ጋር ነው» አላቸው። ዕድሜዋን የሚያውቅ አልተገኘም። አጎቴ በእርጋታዋ የድሮ ወይዘሮ ትመስላለች ብለው «እመት» የሚል ስም አወጡላት፤ ስሙም ጸናላት። እኛ እንደ ብዙው የወሎ ቤተሰብ በአንድ ዘር ሁለት ሃይማኖት ይዘን የኖርን ነን፤ እርሳቸው ለፈጅር ሶላት ሲነሡ እኔ ውዳሴ ማርያም እደግም ነበር፤ ሆኖም ሁለታችንም ከጸሎታችን በኋላ የምንሄደው ወደ አንድ ስፍራ፣ እመት ከማደሪያዋ ወጥታ ፊቷን ወደ ምሥራቅ መልሳ ፀሐይ ወደምትሞቅበት የድንጋይ ካብ ነበር።

እመት በስምጥ ሸለቆና በአዋሽ ሸለቆ ቆላዎች ከሚገኙት፣ ቅርፊታቸው በቢጫ መደብ ላይ እንደ ነብር ቆዳ በጥቁር ከተዝጎረጎረው የየብስ ኤሊዎች ወገን ናት። ይህ ወገን ከአገራችን አንሥቶ እስከ ደቡብ አፍሪካ ድረስ ተሰራጭቶ የሚኖር ሲሆን፣ ለአካለ መጠን የደረሰው በብዙ ቦታ 40 ሳንቲ ሜትር ያህል ርዝመትና ከ10 ኪሎ የሚበልጥ ክብደት አለው፤ እስከ 40 ኪሎ የሚደርስም ይገኛል። የቤተ ክርስቲያን መምህራን በሥነ ፍጥረት ትምህርታቸው የዕለተ ዓርብን ፍጥረታት በእግር የሚሽከረከሩ፣ በክንፍ የሚበሩ፣ በልብ የሚሳቡ እያሉ ሲከፍሏቸው፣ በልጅነቴ ኤሊን በየትኛው ክፍል እንደማኖራት ግራ ይገባኝ ነበር፤ እግር አላትና ከተሽከርካሪዎቹ ናት እንዳልል ሆዷ ከምድር ብዙ አይርቅም። አሁን ግን እርሷን ለማወቅ ከእግሯ ይልቅ አፏን መመልከት እንደሚበልጥ ተረድቻለሁ። ጥርስ የላትም፤ የከንፈሯ ጠርዝ እንደ ወፍ ምንቃር የጠነከረ ስለት ነው፤ ሣሩን ነክሳ፣ አንገቷን ወደ ኋላ ሳብ አድርጋ ስትቈርጠው የሚሰማው ድምፅ የማጭድ ድምፅ ነው።

አጎቴ ቤቱን በያዙባቸው በመጀመሪያዎቹ ዓመታት እመት ትበላ የነበረው ሰው የሚወረውርላትን ነበር፤ ሰውም እንስሳ ሲወድ ከገዛ ማዕዱ ያካፍላልና፣ ልጆች የእንጀራ ፍርፋሪና ዳቦ፣ ጎረቤት የሙዝ ልጣጭ፣ ከሰዓት በኋላ ጫት የሚቅሙ እንግዶችም እንደ ፍየል ቈጥረዋት ገራባ ይጥሉላት ነበር። ይህ ሁሉ በፍቅር የተደረገ ቢሆንም ሁሉም ይጎዳታል። የኤሊ አንጀት ሣር እንዲያብላላ የተፈጠረ አንጀት ነው፤ የበላችው ጭራሮ በታችኛው አንጀቷ ውስጥ በሚኖሩ፣ ዐይን በማያያቸው ረቂቃን ተሕዋስያን እየተብላላ ቀናት፣ አንዳንድ ጊዜም ሳምንታት ይቈያል፤ ዱቄትና ስኳር የበዛበት ነገር በዚያ ውስጥ ሲገባ እርሾው ልክ ያጣል፣ ተሕዋስያኑም ይታወካሉ። በገራባው ላይ ደግሞ ጫቱን በተባይ መድኃኒት የሚረጭ ገበሬ መኖሩን ማሰብ ይገባል። የሰው ማዕድ ከሥጋና ከጥራጥሬ ጋር አዘውትሮ የሚሰጣቸው፣ ካልሲየምና እርጥበት አንሶባቸው የሚያድጉ የኤሊ ልጆች ቅርፊታቸው እንደ ጕልላት ለስልሶ በማደግ ፈንታ እየተቈለለ ጉብታ ጉብታ ይሆናል፤ ጉብታውም ዕድሜ ልካቸውን አይስተካከልም።

እዚህ ላይ የራሴን ጥፋት መናገር አለብኝ። አንድ ዓመት ክረምት ሲገባ አጎቴ ለሕክምና ወደ አዲስ አበባ በሄዱ ጊዜ፣ እመትን የሚጠብቅልን ሰው በማጣታችን በሣር በተሞላ ሣጥን አድርጌ ወደ ደሴ፣ ወደ ራሴ ግቢ አመጣኋት። በደሴ ሐምሌ ምን እንደሚመስል የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ጉሙ ከጦሳ ወርዶ በየደጃፉ ይተኛል፣ ዝናቡም ከቀትር በኋላ ቀጠሮ እንዳለው እንግዳ ይመጣል። እኔም በደስታ ከሰኞ ገበያ ጎመንና ቆስጣ፣ ሰላጣም እየገዛሁ በፊቷ እቈልልላት ነበር። በመጀመሪያው ሳምንት ጥቂት ቀመሰች፤ በሁለተኛው ተወች፤ በሦስተኛው ከአፍንጫዋ ላይ የአረፋ ጠብታ አየሁ። ምግቡ አላማራት ይሆናል ብዬ ጎመኑን በስኳር ድንች ቅጠል፣ የስኳር ድንቹን ቅጠል በዱባ ለወጥሁ፤ የእንስሳት ሐኪም አስመጥቼ ባሳየኋት ጊዜ ግን ችግሩ ከማዕዱ ላይ እንዳልሆነ ነገረኝ። አካላቷ ካልሞቀ አንጀቷ አይሠራም፤ የዋጠችውም ሳይብላላ በውስጧ ይቀመጣል፤ ብርድና እርጥበት አንድ ላይ ሲሆኑባት ሳንባዋ ይታመማል። ይህ ወገን በሰሜን አገር እንዳሉት ኤሊዎች ክረምቱን ተኝቶ የማሳለፍ ልማድ የለውም፤ ፀሐይ ስታጣ እያንቀላፋች ሳትሆን እየደከመች ነበር። መድኃኒቱን አስወጋኋትና በማግስቱ ሐረጎን ይዣት ወረድሁ። የኮምቦልቻን ጠራራ ፀሐይ አግኝታ በሦስተኛው ቀን ሣር ስትቈርጥ ባየኋት ጊዜ የተሰማኝን እፎይታ እስከ ዛሬ አልረሳሁትም።

አጎቴ ድነው ሲመለሱ ይህን ሁሉ ሰሙና፣ «አብሽር ልጄ፣ ሳታውቅ ነው» ብለው ካጽናኑኝ በኋላ፣ ከእንግዲህ ለእመት ምግብ ማመላለስ ቀርቶ ምግቡ ራሱ በአጥሯ ውስጥ መብቀል እንዳለበት ቍርጥ አደረጉ። እኔም ያን ጊዜ ያሰብሁት የዕለተ ሠሉስን ትርጓሜ ነበር። መምህራኑ እንደሚያስተምሩት፣ በማጭድ የሚታጨዱ አዝርዕት፣ በእጅ የሚለቀሙ አትክልት፣ በምሳር የሚቈረጡ ዕፅዋት ከምድር የወጡት ማክሰኞ ነው፤ ሣሩን የሚግጠው እንስሳ የተፈጠረው ግን ዓርብ ነው፤ ማዕዱ ከተጋባዡ ሦስት ቀን ቀድሞ ተዘረጋ። የኤሊ አጥር የሚያበጁ ሰዎች ብዙውን ጊዜ የሚሳሳቱት ይህን ቅደም ተከተል በመገልበጣቸው ነው፤ በመጀመሪያ ኤሊዋን ያስገባሉ፣ ከዚያ ዘር ይዘራሉ፣ ቡቃያውም ከምድር ብቅ ባለ በማግስቱ በእግሯና በአፏ መካከል ያልቃል፤ ከዚያም «በኤሊ አጥር ምንም አይበቅልም» ይላሉ።

ስለዚህ እመትን በግቢው አንድ ማዕዘን ለጊዜው ካገድናት በኋላ፣ ቀሪውን መሬት አንድ ሙሉ ክረምት ያለ እርሷ ተውነው። ሰርዶን የመረጥነው በምክንያት ነው። ሰርዶ በምድር ላይና በምድር ውስጥ እየተሳበ ሥር የሚሰድ በመሆኑ፣ ከላይ ሲጋጥ ከታች ይታደሳል፤ ገበሬ ከማሳው ሊያጠፋው የሚታገለው ያ ግትርነቱ እዚህ በረከት ይሆናል። በሰኔ መጀመሪያ ከቦርከና ዳር የቈፈርነውን ሥር በስንዝር በስንዝር ቈራርጠን በቦይ ተከልን፤ አደይ በፈነዳ ጊዜ መሬቱ ተሸፍኖ ነበር። የዚህ ወገን ኤሊ ዋና ምግብ ሣር ነውና፣ ከአጥሩ መሬት ከግማሽ የሚበልጠውን ለሣር ለቀቅን፤ ለዐይን የሚያምረው የአትክልት መደብ ጥቂት ስፍራ ብቻ ደረሰው።

የአጥሩን ሥርዐት ግን ያበጀልን መንዝ ነው ብል ማጋነን አይሆንብኝም። በሰሜን ሸዋ፣ በመንዝ ጓሳ፣ ሕዝቡ ከ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጀምሮ የጓሳውን ሣር በቄሮ ሥርዐት እያስተዳደረ ኖሯል፤ አባ ቄራ የሚባሉ የተመረጡ አለቆች መሬቱን ለዓመታት፣ አንዳንዴም እስከ 5 ዓመት ድረስ ይዘጉት፣ ሣሩም ለቤት ክዳንና ለግጦሽ ሲደርስ ቀን ቈርጠው ይከፍቱት ነበር። አጎቴ በመኪና ሥራቸው ዘመን በዚያ አገር ሲያልፉ ያዩት ይህ ነገር በልባቸው ቀርቶ ነበርና፣ የእመትን መሬት በዝቅተኛ ካብ ሦስት ቦታ ከፈሉት፤ አንዱ ለእርሷ ክፍት ነው፣ አንዱ ከተጋጠ በኋላ ያርፋል፣ አንዱ አዲስ የተዘራበት ነው። ካቡ ከጉልበት ዝቅ ያለ ቢሆንም እርሷን ለማገድ ይበቃል፤ ዋናው ነገር ቀዳዳ የሌለው መሆኑ ነው። ኤሊ በሽቦ አጥር በኩል ማዶውን ካየች ቀኑን ሙሉ እዚያው ስትገፋ ትውላለች፤ ማዶው ከተሰወራት ግን ዞራ ትሄዳለች። በሚያርፈው ቦታ ለብቻው የበቀለ ቡቃያ ካለም አሮጌ እንቅብ ተደፍቶ ድንጋይ ይጫንበታል።

የተማርነው ሌላው ብልሃት ከአጥሩ ውጭ መትከል ነው። ዱባውን ከካቡ በስተጀርባ፣ ፍግ በበዛበት ጉድጓድ ዘራነው፤ ሐረጉ በካቡ ላይ ወጥቶ ወደ ውስጥ ሲንጠለጠል፣ እመት የምታገኘው የተረፈውን ቅጠልና ቢጫ አበባውን ብቻ ሲሆን፣ ሥሩ ግን ከአፏና ከጥፍሯ ርቆ በሰላም ይኖራል። የስኳር ድንች ሐረግና የወይን ቅጠልም እንዲሁ ነው። ጎመን አልፎ አልፎ ቢሰጥ አይከፋም፤ ቆስጣ ግን ካልሲየሙን አስሮ ከአካል እንዳይዋሐድ የሚያደርግ አሲድ ስላለበት፣ እኔ በደሴ በየቀኑ ያቀረብሁላት ያ አረንጓዴ ክምር ለእርሷ ከጉዳት የራቀ አልነበረም። ሰላጣም ውኃ እንጂ ምግብ አይደለም።

ስለ በለስ ግን ጥቂት ልዘግይ፤ ለኤሊ አጥር ከእርሱ የተሻለ አጥርም ማዕድም አላየሁምና። የበለስ ሰፊው ቅጠሉ ውኃና ካልሲየም ያዘለ፣ በበጋ ሣሩ ሲደርቅ አረንጓዴ ሆኖ የሚቈይ ነው፤ ፍሬውም በክረምት ሲበስል እመት ከሩቅ ሸትታው ትመጣለች። ቅጠሉ ተቈርጦ ወዲያው ከተተከለ ይበሰብሳል፤ ስለዚህ ቍስሉ እስኪደርቅ ሁለት ሳምንት ያህል በጥላ ይቀመጥና ሲሶው ብቻ በአፈር ይቀበራል፤ አንድ ዓመት ሙሉም አይነካም። ነገር ግን ሁለት ጥንቃቄ ያስፈልገዋል። አንደኛው የስም መመሳሰል ነው፤ ብዙ ሰው በለሱን የባሕር ቁልቋል ስለሚለው፣ ወተቱ ዐይን የሚያጠፋውን የአገሩን ቁልቋል በስሕተት ቈርጦ ወደ አጥር ያስገባል፤ ቅንጭብም የዚያው የወተታሞቹ ዘመድ ነው። ሁለተኛው ተባይ ነው። ለቀይ ቀለም ሲባል ከሃያ ዓመት በፊት ወደ ትግራይ የገባው ኮቺኒል የተባለ ትንሽ ነፍሳት ከእርሻው አምልጦ በደቡብ ትግራይ በራያ ምድር የበለሱን ዱር አጥፍቷል፤ ከዚያ ወገን የሚመጣ ቅጠል ላይ እንደ ጥጥ የነጣ ነጥብ የታየ እንደ ሆነ መቃጠል እንጂ መተከል የለበትም።

አጥሩን ከማስዋብ ይልቅ ከመርዝ ማጽዳት ብዙ ድካም ይጠይቃል። ጉሎ፣ አስተናግር፣ የወፍ ቆሎ በየግቢው ጥግ ሳይዘሩ ይበቅላሉ፤ ሦስቱም ለእንስሳ መርዝ ናቸው። እንዶድም ከዚሁ ይቈጠራል። ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1964 እ.ኤ.አ. በዐድዋ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ስፍራ በታች ቀንድ አውጣዎች ሞተው ባዩ ጊዜ ቢልሃርዝያን የሚያስተላልፉትን የቀንድ አውጣዎች ማጥፊያ አገኙ፤ ያው ኀይሉ ነውና፣ የእንዶድ እጣቢ እመት ገብታ ወደምትጠጣበት ገበታ እንዳይወርድ አጎቴ የልብስ ማጠቢያውን ስፍራ ወደ ሌላው የግቢ ጫፍ አዛወሩት። ከሁሉ የሚከፋው ግን የወሎ ገበሬ ቅንጬ አረም የሚለው፣ ከመካከለኛው አሜሪካ የመጣው መጻተኛ ነው፤ ሊቃውንት እንደሚገምቱት በ1977 ዓ.ም. ረሃብ ጊዜ ከእርዳታ እህል ጋር ገብቶ፣ በደሴ አካባቢና በምሥራቁ አገር መጀመሪያ ከታየ ወዲህ ግጦሹንም ማሳውንም ወርሷል። የሰው እጅ ያሳክካል፣ የከብት ወተት ያመርራል፤ በእመት አጥር ውስጥ አበባ ሳያወጣ ከነሥሩ ካልተነቀለ በአንድ ክረምት ሰርዶውን ያስጨንቀዋል። አጎቴ ዘወትር ዓርብ ከጁምዓ በፊት እጃቸውን በፌስታል ጠቅልለው ይነቅሉታል።

ዕፅ ብቻውን ቅርፊት አይሠራም። የቅርፊቱ ድንጋይ ካልሲየም ነው፤ ካልሲየሙን ከአጥንት ጋር የሚያዋሕደው ደግሞ በፀሐይ ጨረር በቆዳ ውስጥ የሚሠራው ቫይታሚን ነው፤ ስለዚህ ጥላ የሌለበት አንድ ማዕዘን ለእርሷ እንደ ሣሩ ያህል አስፈላጊ ነው። በዱር ያሉት ኤሊዎች አጥንት ሲግጡ፣ የነጣውን የጅብ ኩስ እንኳ ሲበሉ ታይተዋል፤ ጅብ አጥንት ቈርጥሞ የሚያወጣው ኩስ ኖራ ነውና። እኛ የተፈጨ የእንቍላል ቅርፊት በጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ እናኖርላታለን፤ አንዳንድ ሳምንት አትነካውም፣ አንዳንድ ሳምንት ድንጋዩን ልሳ ታጸዳዋለች።

ይህን ሁሉ በምናደርግበት ጊዜ በዓለም ላይ በዕድሜ የታወቀው ኤሊ፣ በሴንት ሄለና ደሴት በአገረ ገዢው ግቢ የሚኖረው ጆናታን፣ ብዙ ጊዜ ወደ ሐሳቤ ይመጣል። የተፈለፈለው በ1832 እ.ኤ.አ. ገደማ እንደ ሆነ ይገመታል፤ ወደ ደሴቱ የገባው በ1882 ነው፤ ይኸውም ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ በሰማይ ጅራታም ኮከብ አይተው ሰፈራቸውን «ደሴ» ብለው ሰየሙ ተብሎ በሚተረክበት በዚያው ዓመት ነው፤ የእኛ ከተማና የዚያ ኤሊ ግዞት እኩያ ናቸው ማለት ነው። ጆናታን በስተርጅና ምንቃሩ ደንዝዞ ሣር መቍረጥ አቅቶት ከስቶ ሳለ፣ ሐኪሙ በየሳምንቱ አትክልትና ፍሬ በእጅ ማጉረስ ጀመረ፤ ምንቃሩም ዳግመኛ ስለት አወጣ። በሞሪሸስ አጠገብ ባለች ትንሽ ደሴት ደግሞ ነገሩ ተገልብጦ ታየ፤ የአገሩ ግዙፍ ኤሊዎች ከጠፉ በኋላ ከአልዳብራ የመጡ ኤሊዎች ቢለቀቁ፣ ሊጠፋ የተቃረበውን የዞጲ ዛፍ ፍሬ እየበሉ በኩሳቸው ዘሩት፣ በአንጀታቸው ያለፈውም ዘር ካላለፈው የተሻለ በቀለ። በደቡብ አፍሪካ ካሩ በተባለው ደረቅ ምድርም የእመት ወገኖች ከ70 የሚበልጡ የዕፅ ዓይነቶች ሲበሉ ተመዝግቧል። ይህን ካነበብሁ በኋላ በአጥሩ ውስጥ እኛ ያልዘራነው ዱባ በሰርዶው መካከል በቅሎ ሳገኝ ማን እንደ ዘራው መጠየቅ ተውሁ።

አንባቢ ይህን አይቶ ከባቲ ቆላ ኤሊ አንሥቶ ወደ ቤቱ እንዳይወስድ እለምናለሁ። የዱር እንስሳት ልማት፣ ጥበቃና አጠቃቀም አዋጅ ቍጥር 541/1999 የዱር እንስሳን ያለ ፈቃድ መያዝን ይከለክላል፤ አገራችንም ከ1981 ዓ.ም. ጀምሮ አባል በሆነችበት ዓለም አቀፍ ስምምነት ይህ ወገን ንግዱ ቍጥጥር ከሚደረግባቸው ተመዝግቧል። ከሰው እጅ የተወሰዱ እንስሳት የሚጠለሉበት፣ በሆለታ አጠገብ ያለው «እንሰሳ ኮቴ» ከአንበሳና ከአቦ ሸማኔ ጋር ኤሊዎችንም ተቀብሎ ያኖራል። እመት ከቤት ጋር የተወረሰች ሆና ከምን ዘመን ጀምሮ ከዱር እንደ ተለየች የሚያውቅ ስለሌለ ነው እኛ ዕዳዋን በማሳ የምንከፍላት።

አሁን የቀረን የበጋው ክፍተት ነው። ከጥር አጋማሽ ጀምሮ የኮምቦልቻ ሰርዶ ይነጣል፤ የሚያርፈውም ቦታ ገና አልደረሰም። ያን ጊዜ የሚታደጋት እርሷን ያሳመማት ደሴ ነው። በጓሮዬ በክረምቱ እርጥበት የሚበቅለውን፣ ቅጠሉ ሦስት ሦስት የሆነውን ማገጥ ከሣር ጋር ቀላቅዬ በመስከረም መጨረሻ አጭደዋለሁ፤ በጥቅምት ፀሐይ አዘውትሬ እያገላበጥሁ፣ ሻጋታ እንዳይነካው አድርቄ በማዳበሪያ ከረጢት እጠቀጥቀዋለሁ። በዚህ ዓመትም የካቲት ሲገባ ሁለት ከረጢት በሚኒባስ ጣራ ላይ አስጭኜ ወረድሁ። አጎቴ ከረጢቱን ፈትተው አንድ እፍኝ አወጡና አፍንጫቸው ላይ አድርገው ዐይናቸውን ጨፈኑ፤ «ይህ የጦሳ ሽታ ነው» አሉ። ከዚያም ክፍቱ ቦታ ውስጥ በጠፍጣፋው ድንጋይ ላይ በትነውት ራቅ ብለን ተቀመጥን፤ አቦሉ ወርዶ ቶናው ሲጣድ እመት ከጥላዋ ተነሥታ መምጣት ጀመረች፤ በረካው ሲቀዳ ደረሰች።